አደጋ ሲደርስ ሱቃችንን እንዴት እናድን? ስለ መንግሥት የአደጋ ብድር የቀረበ ትምህርታዊ ዝግጅት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ በአሜሪካ የራሳችሁን ሥራ ከፍታችሁ የምትተዳደሩ ወገኖቻችንን ሁሉ ይመለከታል። ምግብ ቤት ያላችሁ፣ እንጀራ ጋግራችሁ ለየማርኬቱ የምታከፋፍሉ፣ የፀጉር ቤት ወይም የሕፃናት መዋያ የከፈታችሁ፣ በራሳችሁ መኪና ታክሲ የምትሠሩ፣ እንዲሁም የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድና የኮሚዩኒቲ ማኅበር ኃላፊዎች፣ እባካችሁ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አድምጡን።

ርዕሳችን የፌዴራሉ መንግሥት አደጋ ለደረሰባቸው ንግዶች የሚሰጠው ብድር ነው። ጎርፍ፣ እሳት፣ አውሎ ነፋስ ወይም ሌላ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ ብድሩ ለማን ይሰጣል? ምን ያህል? በስንት ወለድ? ምን ምን ወረቀት ይጠየቃል? እነዚህን አንድ በአንድ እናያለን። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ያዙልን፤ ብድሩ የሚጠየቀው ከአደጋው በኋላ ቢሆንም፣ ማግኘት አለማግኘታችሁን በአብዛኛው የሚወስነው ከአደጋው በፊት፣ ሥራው ደህና በነበረበት ጊዜ የያዛችሁት ወረቀት ነው። የዛሬው ዋና መልእክታችን ይኸው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ ብድሩን የሚሰጠው ማን እንደሆነ እንይ። አደጋ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው የፌዴራሉን የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት፣ ፊማን ነው። ፊማ ቤቱ ለተጎዳበት ቤተሰብ ይደርሳል፤ ለጊዜያዊ ማረፊያና ለቤት ጥገና የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣል። የሱቃችሁን ወይም የምግብ ቤታችሁን ኪሳራ ግን አይሸፍንም። የንግዱን ጉዳይ የሚይዘው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ሲሆን፣ ሁላችንም በተለምዶ ኤስ ቢ ኤ እንለዋለን።

ኤስ ቢ ኤ የተቋቋመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1953 በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ዘመን ነው። የአደጋ ብድር ግን ከዚያም ይቀድማል። በ1933 በካሊፎርኒያ የሎንግ ቢች ከተማን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ መንግሥት በጊዜው በነበረው የመልሶ ግንባታ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን አማካይነት ለተጎዱት ማበደር ጀመረ። ሥራው ኋላ ላይ ለኤስ ቢ ኤ ተላለፈ።

የአደጋው ብድር ከሌሎቹ የኤስ ቢ ኤ ብድሮች የሚለይበት ትልቅ ነገር አለ። በተለመደው አሠራር ገንዘቡን የሚያበድረው ባንክ ነው፤ መንግሥት ዋስ ብቻ ይሆናል። የአደጋ ብድር ግን በቀጥታ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል። መሐል ላይ ባንክ የለም፤ ደላላም የለም። ለማመልከት አንድም ሳንቲም አይከፈልም። ብድሩ ቢፈቀድላችሁም የመውሰድ ግዴታ የለባችሁም።

ስሙ «አነስተኛ ንግድ» ይበል እንጂ፣ ኤስ ቢ ኤ ከሚሰጠው የአደጋ ብድር አብዛኛው የሚሄደው ወደ ቤት ባለቤቶችና ተከራዮች ነው። የመኖሪያ ቤቱ የተጎዳበት ሰው ለቤቱ ጥገና እስከ 500 ሺህ ዶላር፣ ለቤት ዕቃና ለመኪና ደግሞ እስከ 100 ሺህ ዶላር መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ጎርፉ ሱቃችሁንም ቤታችሁንም ከመታ፣ ለሁለቱም ለየብቻ ማመልከት ትችላላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ለንግድ የሚሰጠው የአደጋ ብድር ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው የንብረት ጉዳት ብድር ነው። ሕንፃ፣ ማሽን፣ የመደርደሪያ ዕቃ፣ ለሽያጭ የተዘጋጀ ሸቀጥ ሲበላሽ ለመጠገን ወይም ለመተካት የሚሰጥ ነው። ቤቱን ተከራይታችሁ ቢሆንም፣ በራሳችሁ ወጪ ያስገባችሁት ወለል፣ ኩሽናና የኤሌክትሪክ መስመር ሊታሰብላችሁ ይችላል። ትልቅም ሆነ ትንሽ ድርጅት ማመልከት ይችላል፤ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች፣ ቤተ እምነቶችም ጭምር፣ ይካተታሉ።

ሁለተኛው የገቢ ጉዳት ብድር ነው። ዕቃችሁ ሳይነካ ገበያችሁ ሲቆም የሚሰጥ ነው። ኪራይ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ መብራትና ውሃ፣ ለአቅራቢ የሚከፈል ዕዳ፣ በአጠቃላይ አደጋው ባይደርስ ኖሮ ትከፍሉት የነበረውን ወጪ ይሸፍናል። ይህኛው የሚሰጠው ለአነስተኛ ንግዶችና ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ሲሆን፣ ከሌላ ቦታ መበደር የሚችል ድርጅት አያገኘውም። የቀረ ትርፍን ለመተካት፣ ንግድን ለማስፋፋት ወይም የቆየ የረጅም ጊዜ ዕዳን በአዲስ ለመለወጥም አይውልም።

ሁለቱንም አንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል። ድምሩ ግን በመደበኛው ደንብ ከ2 ሚሊዮን ዶላር አይበልጥም።

እስቲ በምሳሌ እናስረዳ። አንዲት እህታችን በምድር ቤት የእንጀራ መጋገሪያ አላት እንበል። ከባድ ዝናብ ዘንቦ ጎርፍ ገባባት። የኤሌክትሪክ ምጣዶቹ ተቃጠሉ፤ የሊጡ በርሜሎች ተገለበጡ፤ የጤፉ ከረጢቶች ከሥር ውሃ ጠጡ፤ ፍሪዘሩ ቆመ፤ ወለሉና የግድግዳው ሥር በሰበሰ። ስትቆጥረው ማሽኑና ምጣዱ 70 ሺህ፣ ጤፉና ሌላው ዕቃ 20 ሺህ፣ ወለሉ፣ ግድግዳውና ኤሌክትሪኩ 30 ሺህ፣ በድምሩ 120 ሺህ ዶላር ሆነ።

ወደ ኢንሹራንሷ ደወለች። «ያለሽ ውል ጎርፍን አይሸፍንም» አሏት። ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው፤ የተለመደው የንግድ ንብረት ኢንሹራንስ የእሳትንና የስርቆትን ጉዳት ይሸፍን እንጂ ጎርፍን አይሸፍንም። የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል።

ታዲያ እህታችን ለ120 ሺው የንብረት ጉዳት ብድር ታመለክታለች። መጋገሪያዋ እስኪከፈት ላለባት ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ የገቢ ጉዳት ብድር ትጠይቃለች። ከዚህም ሌላ አደጋው እንዳይደገም የሚከላከል ሥራ ለመሥራት ከተረጋገጠው የንብረት ጉዳት እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ብድር መጠየቅ ትችላለች። በእሷ ሒሳብ እስከ 24 ሺህ ዶላር ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ወደ ላይ ታሰቅላለች፤ ውሃ የሚያወጣ ፓምፕ ታስገባለች። ይህን ተጨማሪ የሚጠይቁ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እናንተ ግን እንዳትረሱት።

የኢንሹራንስ ገንዘብ የምትጠብቁ ብትሆኑስ? ኢንሹራንሱ እስኪወስን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። አመልክቱ፤ ኤስ ቢ ኤ መጀመሪያ ሙሉውን ሊያበድራችሁ ይችላል፤ የኢንሹራንሱ ገንዘብ ሲመጣ ከብድሩ ላይ ይቀነሳል። የማይፈቀደው ለአንድ ጉዳት ከሁለት ቦታ መቀበል ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ወለዱና ወደ አከፋፈሉ እንሂድ። ይህ ዕርዳታ አይደለም፤ ብድር ነው፤ ይመለሳል። ወለዱ ለእያንዳንዱ አደጋ ለየብቻ ይወሰናል። በሕጉ መሠረት ግን ከሌላ ቦታ መበደር ለማይችል ንግድ ከ4 በመቶ አይበልጥም፤ የመክፈያው ጊዜም እንደ አቅሙ ታይቶ እስከ 30 ዓመት ይደርሳል። ከባንክ መበደር ወይም በራሱ ሀብት መወጣት የሚችል ንግድ ግን የንብረት ጉዳት ብድሩ ወለድ እስከ 8 በመቶ ሊሆንበት ይችላል፤ መክፈያውም ከ7 ዓመት አያልፍም።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በ100 ሺህ ዶላር እንየው። በ4 በመቶና በ30 ዓመት የወር ክፍያው 480 ዶላር ገደማ ነው። በ8 በመቶና በ7 ዓመት ግን ወደ 1,560 ዶላር ይጠጋል። በሌላ በኩል የ30 ዓመቱን እስከ መጨረሻው ከከፈላችሁ፣ የ100 ሺው ዕዳ ከ170 ሺህ በላይ ሆኖ ይወጣል። ቀድሞ መክፈል ቅጣት የለውም፤ ስለዚህ ገበያው ሲመለስ እየጨመራችሁ ብትከፍሉ ትጠቀማላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አንድ ጥሩ ነገር ተጨምሯል። ገንዘቡ መጀመሪያ ከተለቀቀበት ቀን አንሥቶ ለ12 ወር ክፍያ የለም፤ በእነዚያ ወራት ወለድም አይቆጠርም። ያ ዓመት ሥራችሁን መልሳችሁ የምታቋቁሙበት ዓመት ስለሆነ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት።

መያዣን በተመለከተ፣ ከ50 ሺህ ዶላር ለማይበልጥ ብድር መያዣ አይጠየቅም። ከዚያ ሲያልፍ ያላችሁን ንብረት ታስይዛላችሁ። በቂ መያዣ ባለመኖሩ ብቻ ማመልከቻችሁ አይጣልም፤ ያላችሁን አላስይዝም ካላችሁ ግን ሊከለከል ይችላል። በተጨማሪም ከድርጅቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሰው ሁሉ በግሉ ዋስ ይሆናል። ስለዚህ ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር በሽርክና የምትሠሩ፣ ፊርማው ሁላችሁንም እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

(አጭር ሙዚቃ)

ብድሩ የሚከፈተው ለየትኛው አደጋ ነው? አንድ ሱቅ ብቻውን ስለተቃጠለ አይከፈትም። መጀመሪያ የአደጋ አዋጅ መውጣት አለበት። ትልቁ አዋጅ የፕሬዚዳንቱ ነው። ከዚያ በታች ኤስ ቢ ኤ ራሱ የሚያወጣው አለ፤ በአንድ ካውንቲ ውስጥ ቢያንስ 25 ቤቶች ወይም ንግዶች፣ እያንዳንዳቸው ኢንሹራንስ ያልሸፈነው 40 በመቶና ከዚያ በላይ ጉዳት ከደረሰባቸው፣ የስቴቱ ገዥ ሊጠይቅ ይችላል። ወይም ቢያንስ 5 አነስተኛ ንግዶች ከባድ የገቢ ጉዳት እንደደረሰባቸው ገዥው ካረጋገጠ፣ የገቢ ጉዳት ብድር ሊከፈት ይችላል።

ይህ ቁጥር ለእኛ ትርጉም አለው። በአንድ መንገድ ላይ ተደርድረን የምንሠራ ብዙዎች ነን። ጉዳቱን ለካውንቲው የአደጋ ጊዜ ጽሕፈት ቤት ካላስመዘገብን፣ ከ25ቱ ወይም ከ5ቱ ውስጥ አንቆጠርም። «የእኔ ትንሽ ናት» ብሎ ዝም ያለ ነጋዴ ጎረቤቱንም ይጎዳል።

አዋጁ ከወጣ በኋላ ቀኑ መሮጥ ይጀምራል። ለንብረት ጉዳት ብድር በመደበኛው 60 ቀን፣ ለገቢ ጉዳት ብድር ደግሞ 9 ወር ነው። የጊዜ ገደቡ አንዳንድ ጊዜ ይራዘማል። በጥር 2025 በሎስ አንጀለስ ፓሊሴድስና ኢተን የተባሉት የሰደድ እሳቶች ሰፈሮችን ባወደሙ ጊዜ የንብረቱ ማመልከቻ ቀን ተራዝሞ ነበር። በመራዘሙ ተስፋ አድርጎ መቀመጥ ግን አይገባም።

ዕቃ ሳይነካ ገቢ ብቻ ሲጎዳ ምን እንደሚሆን በቅርባችን የሆነ ነገር ያስረዳናል። መጋቢት 26 ቀን 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ዳሊ የተባለች የጭነት መርከብ የባልቲሞርን የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ምሰሶ መታችው፤ ድልድዩ ተደርምሶ በላዩ ላይ መንገድ ይጠግኑ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። ወደቡ ለሳምንታት ታጎለ፤ በየቀኑ በድልድዩ የሚያልፈው ሰው ሌላ መንገድ ያዘ። በዚያ መንገድ ዳር ቡና የሚሸጥ ሰው አንድ ብርጭቆ አልተሰበረበትም፤ ደንበኛው ግን ቀረ።

ኤስ ቢ ኤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የገቢ ጉዳት ብድር ከፈተ። የሜሪላንድ ንግዶች ሁሉ፣ ዋሺንግተን ዲሲንም ጨምሮ ከሜሪላንድ ጋር የሚዋሰኑ አካባቢዎች ንግዶች ተካተቱ። ወለዱ ለአነስተኛ ንግዶች 4 በመቶ፣ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች 3.25 በመቶ ነበር። የማመልከቻው በር እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2024 ክፍት ሆኖ ቆየ። ማለትም በሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የሐበሻ ማርኬት ዕቃው በባልቲሞር ወደብ የሚገባ ሆኖ ገቢው ቢቀንስ፣ ከድልድዩ ርቆ ቢገኝም ማመልከት ይችል ነበር። አደጋው ሩቅ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አታስወጡ፤ የተካተቱትን አካባቢዎች ዝርዝር ጠይቁ።

ቶሎ ማመልከት የሚጠቅምበት ሌላም ምክንያት አለ። በመስከረም መጨረሻ 2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ከፍሎሪዳ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ካሮላይና ተራሮች ድረስ ብዙ አገር አጠፋ። በጥቅምት ወር ሚልተን ተከተለ። ማመልከቻው ስለጎረፈ በዚያው ወር አጋማሽ ላይ የአደጋ ብድሩ ገንዘብ አለቀ። ኤስ ቢ ኤ ማመልከቻ መቀበሉን ባያቆምም፣ ኮንግረስ በታኅሣሥ አዲስ በጀት እስኪያጸድቅ ድረስ አዲስ ብድር መስጠት አልቻለም። ሁለት ወር ለአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ብዙ ነው። ቀድሞ ያመለከተ ቀድሞ ይታያል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን፤ ወደ ወረቀቱ።

ስታመለክቱ ማመልከቻውን ትሞላላችሁ፤ ኤስ ቢ ኤ የታክስ መረጃችሁን ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ከአይ አር ኤስ እንዲያወጣ የሚፈቅድ ቅጽ ትፈርማላችሁ፤ የባለቤቶቹን የግል ሀብትና ዕዳ መግለጫ ታቀርባላችሁ፤ የንግዱን ዕዳዎች በዝርዝር ትጽፋላችሁ። ለገቢ ጉዳት ደግሞ የየወሩ ሽያጫችሁ ይጠየቃል። ከዚያ ሦስት ነገር ይታያል። ክሬዲታችሁ እንዴት ነው? ዕዳውን የመክፈል አቅም አላችሁ? ጉዳቱ እውነት ነው?

እዚህ ላይ በግልጽ እንነጋገር። ሥራችን ብዙ ካሽ የሚገባበት ነው። አንድ ካፌ በወር 30 ሺህ ዶላር ሸጦ በታክስ ሪተርኑ ላይ 12 ሺህ ብቻ ካሳየ፣ አደጋ በደረሰ ቀን መንግሥት የሚያውቀው ንግድ የ12 ሺውን ነው። የጠፋው ገቢ የሚሰላው በ12 ሺው ነው። የመክፈል አቅሙም የሚመዘነው በ12 ሺው ነው። «እውነተኛው ገቢዬ ሌላ ነው» ብሎ መከራከር አይቻልም፤ ቢቻልም ሌላ ጣጣ ያመጣል። በየዓመቱ ጥቂት ሺህ ዶላር ታክስ ያተረፈ ሰው፣ በክፉ ቀን ንግዱን የሚያድንበትን ብድር ያጣል። ታክስ ጨርሶ ያላስገባ ደግሞ በሩ ላይ ይቆማል።

እቁብም እንዲሁ ነው። እቁብ አቋቁሞናል፤ ብዙ ሱቅ የተከፈተው በእቁብ ብር ነው። ነገር ግን የእቁብ ዕዳ በወረቀት ላይ ስለማይታይ፣ ሱቁ ሲዘጋ ሳምንታዊ ክፍያው ለብቻው ይቀጥላል። ቢያንስ በየጊዜው የሰጣችሁትንና የተቀበላችሁትን በባንክ በኩል አድርጉት፤ በእጃችሁም መዝግቡት።

ሌላው የንብረት ማስረጃ ነው። ማሽኑን የገዛችሁበት ደረሰኝ የት አለ? ከሌላ ሐበሻ በእጅ የተገዛ ምጣድ ወይም ፍሪዘር ደረሰኝ የለውም። ዛሬውኑ ስልካችሁን አውጡና ሱቃችሁን ከበር እስከ ጓሮ በቪዲዮ ቅረጹት። የየማሽኑን ስምና ቁጥር በቅርብ አንሡ። ቪዲዮውን፣ የኪራይ ውሉን፣ የኢንሹራንስ ውሉን፣ የሦስት ዓመት ታክስ ሪተርናችሁን ከሱቁ ውጪ፣ በኢሜይላችሁ ወይም በሌላ ቦታ አስቀምጡ። ወረቀቱም ከሱቁ ጋር ከተቃጠለ ምንም አይረባም።

ማመልከቻችሁ ውድቅ ቢሆንስ? ተስፋ አትቁረጡ። በስድስት ወር ውስጥ እንደገና እንዲታይላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ምክንያቱ በደብዳቤው ላይ ይጻፋልና ያን የሚያስተካክል ወረቀት ጨምራችሁ አቅርቡ። ዳግመኛ ቢከለከል በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ አለ። ሌላ ያልተከፈለ የፌዴራል ዕዳ ወይም ያልተከፈለ የልጅ ማሳደጊያ ያለበት ሰው ግን መጀመሪያ ያንን ማስተካከል አለበት። የኢሚግሬሽን ሁኔታም በማመልከቻው ላይ ይጠየቃል፤ ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከማመልከታችሁ በፊት ኤስ ቢ ኤን ጠይቁ እንጂ በሰው ወሬ አትወስኑ።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህን ብድር ብዙዎቻችን የምናውቀው በኮቪድ ጊዜ ነው። ያኔ ኤስ ቢ ኤ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ የገቢ ጉዳት ብድሮችን ሰጠ። ወለዱ ለንግድ 3.75 በመቶ፣ ጊዜው 30 ዓመት ነበር። ብዙ ወገኖቻችን 150 ሺህ ዶላር ወሰዱ፤ የወር ክፍያውም 731 ዶላር ነው። ክፍያው እስከ 30 ወር ድረስ እንዲቆይ ሲደረግ ብዙ ሰው ተደሰተ። የዚያን ጊዜው ግን እንዳሁኑ አልነበረም፤ ወለዱ ይቆጠር ነበር። በ30 ወር ውስጥ 14 ሺህ ዶላር ገደማ ወለድ ተጠራቀመ። ከዚያ በኋላ በየወሩ 731 ለሚከፍል ሰው፣ ዋናው ዕዳ ከአራት ዓመት በላይ ንቅንቅ አይልለትም።

ክፍያ ያቋረጡ ደግሞ ዕዳቸው ወደ ፌዴራሉ ግምጃ ቤት ተላልፎባቸዋል። ግምጃ ቤቱ የታክስ ተመላሽን ይዞ ያስቀራል፤ በዕዳው ላይም እስከ 30 በመቶ የሚደርስ የማስከፈያ ወጪ ሊጨምር ይችላል። ክፍያው የከበዳችሁ ካላችሁ፣ ደብዳቤውን በመሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። ዕዳው ወደ ግምጃ ቤት ሳይሄድ ደውላችሁ ተነጋገሩ።

በዚያን ጊዜ የሆነ ሌላ መጥፎ ነገርም ነበር። «እኔ እሞላልሃለሁ፣ ከሚገኘው መቶኛ ትሰጠኛለህ» የሚሉ ሰዎች በየኮሚዩኒቲው ተነሡ። የሌለ ሠራተኛ፣ ያልነበረ ገቢ ጻፉ። የፈረመው ግን ባለቤቱ ነው፤ ተጠያቂውም እሱ ነው። በነሐሴ 2022 የወጣ ሕግ በኮቪድ ብድር የተፈጸመ ማጭበርበር የሚከሰስበትን ጊዜ ወደ 10 ዓመት አራዝሞታል። በትክክል የተገኘ የአደጋ ብድርም ከተፈቀደለት ዓላማ ውጪ ከዋለ፣ የተሰጠውን ገንዘብ አንድ ጊዜ ተኩል ያስከፍላል። ስለዚህ ለመጋገሪያው የተሰጠ ገንዘብ ለመጋገሪያው ይዋል፤ ደረሰኙም ይቀመጥ።

ዕርዳታ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በነጻ የሚያግዙ አሉ። የአነስተኛ ንግድ ልማት ማዕከላትና ስኮር የተባለው የበጎ ፈቃድ አማካሪዎች ድርጅት በየስቴቱ ይገኛሉ። አደጋ በደረሰበት አካባቢም ኤስ ቢ ኤ ጊዜያዊ ማዕከል ይከፍታል። የኤስ ቢ ኤ የአደጋ ክፍል ስልክ 1 800 659 2955 ነው፤ እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። በኢንተርኔት ስትገቡ የአድራሻው መጨረሻ «ዶት ጎቭ» መሆኑን አረጋግጡ፤ በቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ሁሉ አጭበርባሪ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። የዚህ ብድር ነገር በትክክል እንደዚያው ነው። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉልን። ሱቃችሁን በቪዲዮ ቅረጹ። የኢንሹራንስ ውላችሁን አውጥታችሁ ጎርፍና የሥራ መቋረጥ ይሸፍን እንደሆነ ወኪላችሁን ጠይቁ። ከአካውንታንታችሁ ጋር ቁጭ በሉና ታክሳችሁ የንግዳችሁን እውነተኛ መጠን ያሳይ እንደሆነ ተነጋገሩ፤ ካላሳየ ከዘንድሮ ጀምራችሁ አስተካክሉት።

ይህን ዝግጅት ያልሰማ ነጋዴ ጎረቤት ካላችሁ ንገሩት። አብረን ብዙ ጊዜ ለቀብርና ለሠርግ አዋጥተናል፤ እውቀትም ይዋጣ። አደጋውን ማናችንም አንመርጠውም፤ ወረቀታችንን ግን ዛሬ ማዘጋጀት በእጃችን ነው። ሳምንት በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)